ሰልባትዮው ሞልቶ ሞተሩ ለምን ይጠፋል?

ደብተርና እርሳሳችሁን አቅርቡ። የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ነው። ሹፌሮችና ረዳቶች፣ በተለይ እናንተ ጆሯችሁን ስጡን።

ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ ሁለት ሰልባትዮ አለው። ሰልባትዮ ማለት የነዳጅ መያዣ ነው። አንዱ ዋናው ነው። ሌላው ተጨማሪው ነው። ዋናው ሲጎድል ሹፌሩ ማዞሪያውን ወደ ተጨማሪው ያዞራል። ሞተሩም ናፍታውን ከዚያ ይስባል።

አንድ ቀን ያየሁትን ላውጋችሁ። ስንዴ ጭነን ከሚሌ ወደ አዋሽ እንመጣ ነበር። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐዩ ያቃጥላል። ሹፌሩ ወደ ተጨማሪው ሰልባትዮ አዞረ። ጥቂት እንደሄድን ሞተሩ አቅም አጣ። ቀጥሎም ጠፋ። ሰልባትዮው ግን ሙሉ ነው!

«ፖምፓው ተበላሸ» አለ ሹፌሩ። መፍቻ አንሥቶ ሊፈታው ተነሣ። ረዳቱ ግን፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይቆዩ። በዋናው ደኅና ይሠራ አልነበር?» አለው።

አያችሁ፣ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ፖምፓውና ፊልትሮው ለሁለቱም ሰልባትዮዎች የጋራ ናቸው። ሞተሩ በዋናው ደኅና ከሠራ፣ ጥፋቱን ከተጨማሪው ሰልባትዮ እስከ ማዞሪያው ድረስ ፈልጉት። በሁለቱም እምቢ ካለ ግን ከማዞሪያው ወዲያ ፈልጉ። ስለዚህ ዋናውን አሟጣችሁ አትጨርሱ። ለመሞከሪያና ለመመለሻ ጥቂት ይቅር።

ረዳቱ የተጨማሪውን ክዳን አላላ። «ሽው» ብሎ አየር ገባ። ለካስ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ራሱ ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልሎት ኖሯል! አፈረ። ሹፌሩም ሣቀ። ላስቲኩን አነሡት። ሞተሩም ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ቆርቆሮ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ብትበሱት ዘይቱ በደንብ አይወርድም። ሁለተኛ ቀዳዳ ስትበሱ ይወርዳል። ሰልባትዮም እንደዚያው ነው። ናፍታ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። የአየር ቀዳዳው ከተደፈነ ናፍታው አይመጣም።

ክዳኑ ደኅና ከሆነስ? በተራ እዩ።

አንደኛ፣ ናፍታ መኖሩን እዩ። ጌጁ የአንዱን ሰልባትዮ ብቻ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። በንጹሕ እንጨት ለኩ።

ሁለተኛ፣ ማዞሪያው እስከ መጨረሻው ዞሯል? በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ፊውዙን እዩ።

ሦስተኛ፣ ቱቦውን እዩ። የተሰነጠቀ ቱቦ ናፍታ ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ይችላል። ቱቦውን ለውጡ። ከዚያ በፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን አላሉ። የእጅ ፖምፓውን ምቱ። አረፋው ሲያልቅ ቡሎኑን አጥብቁ።

አራተኛ፣ ውሃ እንዳለ እዩ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። 1 ሊትር ናፍታ ግን 840 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው ከሥር ይተኛል። ከሥር ያለውን ቡሎን አላልታችሁ ውሃውን በዕቃ ተቀበሉ።

አምስተኛ፣ ከሞተሩ የተረፈው ናፍታ የሚመለስበትን ቱቦ እዩ። ወደ ሌላው ሰልባትዮ የሚመለስ ከሆነ አንዱ ቶሎ ይጎድላል፤ ሌላው ሞልቶ ይፈሳል።

አደራ! በሰልባትዮ ውስጥ በክብሪት አትዩ። አጠገቡ ሲጋራ አታጭሱ። ባዶ ነው ብላችሁም ሳይጸዳ አታስበይዱት። የቀረው ተን ይፈነዳል። ናፍታ በአፋችሁ አትሳቡ። ወደ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት። ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። እነዚህን ቃላት ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ፦

ዋና። ተጨማሪ። ዝግ።

ሹፌሮችና ረዳቶች ነገ በማዞሪያው ላይም በቀለም ጻፏቸው። የሞላችሁትን ሊትርና የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በደብተር መዝግቡ። ናፍታ ያለ ልክ ሲጎድል ደብተሩ ይነግራችኋል።

የዛሬው ጥያቄ፦ ሞተሩ በዋናው ሠርቶ በተጨማሪው ቢጠፋ፣ ፖምፓውን ትፈታላችሁ? ለምን? መልሱን ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ደኅና ሁኑ። መንገዱን የሰላም ያድርግላችሁ።