የወታደሩ አባት ማን ነበር?
በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ሬዲዮ ከፍታችሁ የምትሰሙን፣ የሶማሌ ጠረፍ (የዛሬዋ ጅቡቲ) የፈረንሳይ ጦር ሻለቃ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1916 በቬርደን ግንባር የዱዎሞን ምሽግ ከጀርመኖች ሲነጠቅ ተሰልፎ ነበር። ከሟቾቹ የአንዱን ዘር ለሚፈልግ የፈረንሳይ ጦር መዝገብ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ የትውልድና የሞት ቦታ ይሰጣል። በቤተሰብ ስም ረድፍ የሰፈረው ግን፣ በእኛም በሶማሌውም ልማድ፣ የአባት ስም ሊሆን ይችላል፤ ወንድማማች የሚመስሉ ሁለት ወታደሮችም የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስሙን ቀይሮ የተመዘገበስ የለም ወይ? አይጠፋም። ለዚህ ነው የዘር ፍለጋው በሀገር ቤት፣ በኢትዮጵያ፣ ሲሆን ከጦር መዝገብ ይልቅ የድሮ የርስት ክርክርን የማስቀድመው፦ ምልምሉ ስሙን ሲናገር ተከራካሪ አልነበረበትም፤ ርስት ጠያቂው ግን፣ ርስት እ.ኤ.አ. በ1975 እስኪሻር ድረስ፣ በአባትም በእናትም መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው አቅኚ አባቱ ሲቆጥር ባላጋራው ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማው ነበር። ባላጋራም ይዋሽ ነበር፤ ሁለቱም ያልተጣሉበትን ስም ያዙ።