«ማን ፈቀደልሽ?»
በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር

አዘጋጆቹ ስለ አመራርና ስለ ሠራተኛ የፈጠራ ችሎታ እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ከሚሴን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ከኮምቦልቻ ቁልቁል የቦርከናን ሸለቆ ይዛችሁ ስትወርዱ ገና ከተማዋ ሳትገቡ ሙቀቱ ይቀበላችኋል። የኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የዞኑ የሥራ ቋንቋም ኦሮምኛ ነው። ሰዉ ግን ገበያ ላይ በአንድ ወሬ ውስጥ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያቀላቀለ ይሄዳል። እኔ የአንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኜ እዚያ ስመደብ ኦሮምኛዬ ከሰላምታና የሽንኩርት ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍም ነበር።

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን። ለእኔ ሲባል ስብሰባው በአማርኛ ይሆናል። «ሐሳብ ያለው?» እላለሁ። ዝም። «አስተያየት?» ዝም። እኔም «ተግባብተናል ማለት ነው» ብዬ ቃለ ጉባኤ አስፈርማለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስል «ሠራተኞቼ ተነሳሽነት የላቸውም» ብዬ ለበላዮቼ ሪፖርት አድርጌአለሁ። ወላሂ፣ ጽፌአለሁ!

መዝገብ ቤታችን ዶሴዎችን የሚያስቀምጠው በተከፈቱበት ተራ ቁጥር ነበር። ባለጉዳዩ ደግሞ ቁጥሩን አያውቅም። ስሙንና ቀበሌውን ነው የሚያውቀው። ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከጂሌ ጥሙጋ ገጠር የመጣ አባት ዶሴው እስኪገኝ ግማሽ ቀን ይቀመጣል፤ ካልተገኘ «ነገ ተመለሱ» ይባላል። የባቲ ሰውማ ኮምቦልቻን ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ሰኞ ደግሞ ገበያው ስለሆነ ጭራሽ አይመቸውም። ነገ ተመለሱ ማለት ለእነሱ የአንድ ቀን ሥራና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ነው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንድ ቀን ቢሮዬ ገብታ፣ ቆማ፣ በተቆራረጠ አማርኛ «ጋሼ፣ በቀበሌ ብናደርገውስ?» አለችኝ። ቀና ሳልል «መመሪያው እንደዚያ አይልም» አልኳት። እሺ ብላ ወጣች።

ከዚያ በኋላ አዳማ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ተላክሁ። የሥልጠናው ርዕስ ምን እንደነበር ገምቱ፤ አመራርና ፈጠራ! በደብተሬ የሠራተኛን ሐሳብ ስለማበረታታት ጥሩ ጥሩ ነገር ጽፌ ስመለስ የመዝገብ ቤቱ ግማሽ መደርደሪያ ተገለባብጦ አገኘሁት። ዶሴው በየቀበሌው ተለይቷል፤ ጀርባው ላይ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል። ከዘበኛው ጋር ሆነው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው የሠሩት። ፕላስተሩን የገዛችው ከኪሷ ነው።

ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? «ማን ፈቀደልሽ?» ነው። ፊቷ ጠቆረ። «ይቅርታ ጋሼ፣ መመለስ ይቻላል» አለች። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገቡ፤ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ቀበሌያቸውን ጠየቀቻቸው፣ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ ዶሴውን ይዛ መጣች። ሽማግሌው አልተቀመጡም እንኳ። እኔ ደብተሬን በብብቴ እንደያዝሁ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ይህን የምነግራችሁ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እኛ ቢሮዎች ውስጥ ቢፒአር መጥቷል፣ ቢኤስሲ መጥቷል፣ ካይዘንም መጥቷል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የካይዘን እምብርቱ ማሽኑ አጠገብ የሚውለው ሰው ችግሩን ከኃላፊው ይልቅ ያውቃል የሚለው ነው። ቶዮታ የሠራተኛ ሐሳብ መቀበያ ሥርዓቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ስሕተት ያየ ማንኛውም ሠራተኛም ገመድ ስቦ ሥራውን ማስቆም ይችላል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የወሰድነው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ነው። ገመዱን አልሰጠንም፤ ብንሰጥም የሳበውን «ማን ፈቀደልህ?» እንለዋለን።

መደርደሪያው አለቀ። ስብሰባውን ደግሞ በኦሮምኛ አደረግነው፤ እኔ ነኝ አስተርጓሚ የሚያስፈልገኝ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሁለት ዓመት ዝም ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ይሻማሉ! ያ ሁሉ ተነሳሽነት ከየት መጣ? እዚያው ነበር፤ በእኔ ቋንቋ መናገር ስላለበት ነው የታፈነው።

ሁሉም ነገር ግን ቀና አልሆነም። የጠፋ ዶሴ የሚመዘገብበት ደብተር ከፈትን፤ ያጠፋ እንዳይቀጣ ተስማማን። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት የጠፋው ዶሴ ቁጥር ጨመረ። ከበላይ ተደውሎ «አንተ ከመጣህ ወዲህ መዝገብ ቤቱ ተበላሸ» ተባልሁ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ የሆስፒታል የመድኃኒት ስሕተትን ስታጠና ያገኘችው ይህንኑ ነው። በተሻለ የሚመሩት ክፍሎች ብዙ ስሕተት ያስመዘገቡ ሆኑ፤ ሠራተኛው ሳይፈራ ስለሚናገር ነው። ይህን በስልክ ለማስረዳት ሞከርሁ። የዚያ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ውጤቴ ዝቅ አለ። ደብተሩን ግን አልዘጋሁም።

ለመምህራኖቼ አንድ ጥያቄ አለኝ። ለልምምድ የምትልኩልን ልጆች ይዘውት የሚመጡት የግምገማ ቅጽ ሰዓት ማክበርን፣ ታዛዥነትን፣ አለባበስን ይጠይቃል። ልጁ ያየውን ችግር የሚጽፍበት አንድ መስመር የለውም። ባለፈው ጊዜ እኔ በእስክሪብቶ መስመር ጨመርሁበት። አንዲት ተማሪ «የባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ለሽማግሌዎች ከፍ ይላል፤ እግራቸው መሬት አይነካም» ብላ ጻፈች። አናጺ ጠርተን እግሩን አስቆረጥነው። ቅጹን አስተካክላችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።