ስልኩ ጭጭ ሲል

ሜሮን፦ ዳንኤል፣ 8028 ደውለህ ታውቃለህ?

ዳንኤል፦ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. ለአርሶ አደሩ የከፈተው ነፃ መስመር? ቁጥር እየተጫኑ ምክር የሚሰማበት።

ሜሮን፦ አዎ። እዚህ ሐዋሳ አንድ ልጅ እሱን የመሰለ የገበያ ዋጋ መስመር ሲሠራ አየሁ። ኮድ የለም፤ ሳጥኖችን በመስመር ማያያዝ ብቻ ነው። አንዱ ድምፅ ያሰማል፣ አንዱ ቁጥር ይቀበላል፣ ሌላው በኢንተርኔት ሄዶ ሰርቨር ይጠይቃል።

ዳንኤል፦ ምን ብሎ?

ሜሮን፦ አድራሻ ትሞላለህ፤ የደዋዩን ስልክና የተጫነውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። መልሱ 200፣ ማለትም «ተሳክቷል» ከሆነ የቡናው ዋጋ ይነበባል።

ዳንኤል፦ ካልሆነስ? ኔትወርኩ እንደሆነ የምናውቀው ነው!

ሜሮን፦ እሱን ነዋ የረሳው! «አልተሳካም» ከሚለው ጫፍ የሚወጣ መስመር የለም። ስንሞክረው ስልኩ ጭጭ።

ዳንኤል፦ ደዋዩ «ሄሎ፣ ሄሎ» ብሎ ይዘጋዋላ።

ሜሮን፦ አምስት ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ «ትንሽ ቆይተው ይደውሉ» የሚል ድምፅ አስገባበት። ሌላም ጉድ ነበር፤ ሳጥኑ ስልኩን በ09 ይልካል፣ የመረጃ ቋቱ የሚያውቀው በ251 ነው።

ዳንኤል፦ እና «አልተመዘገቡም» ይለዋል?

ሜሮን፦ ተመዝግቦ እያለ!