ዕድልን መሸለም፦ የታላላቅ የነዳጅ ኩባንያ ኃላፊዎች ክፍያ



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው፤ የነዳጅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚከፈለው ለሥራው ነው ወይስ ለነዳጅ ዋጋ? በሌሎች ዘርፎችም ኃላፊዎች ከፍተኛ ክፍያ ያገኛሉ። የነዳጁን ዘርፍ የመረጥሁት ትርፉን በእጅጉ የሚወስነው የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ የሚቆረጥ በመሆኑ ነው። አንድ ኃላፊ ብቻውን ሊያዝዘው ስለማይችል፣ ጥረትን ከዕድል ለመለየት ያመቻል።

ሁለት ዓመታትን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ2005 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ኤክሶን ሞቢል ወደ 36 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ። በዓመቱ መጨረሻ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሊ ሬይመንድ ጡረታ ሲወጡ፣ ጡረታውና አክሲዮኑ ተደምሮ የሚያገኙት 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘገበ። ሬይመንድ ወጪ በመቆጣጠር የታወቁ ብርቱ መሪ ነበሩ። ሆኖም በዚያ ዓመት ገበያው ያመጣውን እርሳቸው ካመጡት መለየት ቀላል አይደለም።

በ2015 ግን ዋጋው ወደቀ። ቢፒ 6.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችንም ለመቀነስ ወሰነ። የዋና ሥራ አስፈጻሚው የቦብ ደድሊ ክፍያ ግን ጨምሮ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። የቦርዱ መከራከሪያ፣ የዋጋው መውደቅ የኃላፊዎቹ ጥፋት አይደለም፤ በእጃቸው ባለው በደኅንነትና በወጪ ቅነሳ ግን ግባቸውን መትተዋል የሚል ነበር።

ይህ መከራከሪያ በራሱ ስሕተት አይደለም። ችግሩ በአንድ ወገን ብቻ ሲሠራበት ነው። ዝናብ በበዛበት ዓመት አዝመራው ስላማረ የእርሻ ኃላፊውን አብዝተን ብንሸልም፣ በድርቁ ዓመት ደግሞ «ጥፋቱ የሰማይ ነው» ብለን ሽልማቱን ባንነካ፣ ዝናቡ ለእርሱ፣ ድርቁ ለባለመሬቱ ሆነ ማለት ነው።

ማሪያን በርትራንድና ሰንድሂል ሙላይናታን በ2001 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በነዳጅ ዋጋ መርምረዋል። የኃላፊዎች ክፍያ በጥረት ከተገኘ ትርፍ ጋር ብቻ ሳይሆን በዕድል ከተገኘውም ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳዩ። ከፍተኛ ድርሻ ያለው ባለአክሲዮን በቦርዱ ውስጥ በተቀመጠበት ኩባንያ ግን ለዕድል የሚከፈለው ያነሰ ነበር። ባለቤቱ ሲያይ መለኪያው ይጠብቃል።

መፍትሔው ኩባንያውን ከተመሳሳይ ተወዳዳሪዎቹ ጋር ማወዳደር ነው የሚሉ አሉ፤ ዋጋው ሁሉንም እኩል ስለሚነካ ልዩነቱ ጥረትን ያሳያል። እኔም እስማማለሁ፤ ግን አይበቃም። ሼል እንዲህ ያለ መለኪያ ነበረው። ኩባንያው የተቀመጠውን ደረጃ ሳያገኝ ሲቀር፣ የክፍያ ኮሚቴው በሥልጣኑ ተጠቅሞ ማትጊያውን በከፊል ፈቀደ። በ2009 ጠቅላላ ጉባኤ 59 በመቶ ያህል ድምፅ ውሳኔውን ተቃወመ። በ2016 በቢፒ ጉባኤም የተቃውሞው ድምፅ 59 በመቶ ገደማ ነበር። ድምፁ የምክር ብቻ በመሆኑ የተከፈለውን አላስመለሰም፤ ይሁንና ቢፒ በቀጣዩ ዓመት የክፍያ ፖሊሲውን አሻሻለ፤ የደድሊ ክፍያም ወደ 11.6 ሚሊዮን ዶላር ወረደ።

ከዚህ የምወስደው መደምደሚያ፣ መለኪያው አስቀድሞ መጻፍ፣ በክፉም በደጉም ዓመት ሳይለወጥ መጽናት፣ ቦርዱ ከለወጠውም ምክንያቱን ለባለቤቶቹ ማስረዳት አለበት የሚል ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰላችሁ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ በ2025 ሥራ ጀምሯል። የአክሲዮን ኩባንያዎቻችን ባለቤቶች እየበዙና ከአስተዳደሩ እየራቁ በሄዱ መጠን፣ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን አንሥቶ «ይህ ትርፍ ከምን መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለአክሲዮን ያስፈልጋቸዋል። ተማሪዎቻችንን ለዚህ ጥያቄ ማዘጋጀት የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።