ከቢኤች 660 ወዲህ

እሷ፦ እ.ኤ.አ. በ1993 ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ድቅል በቆሎ ቢኤች 660 ስንቱን ጎተራ ሞላ! ታዲያ ለምን ይተካ ተባለ?

እሱ፦ በምርቱማ አይታማም። ግን ቁመቱ! ነፋስ ሲመጣ ይጋሸባል፤ የቅጠል በሽታም ጠናበት። እ.ኤ.አ. በ2011 ቢኤች 661 ብቅ አለ።

እሷ፦ ይኼን ያህል ዓመት?

እሱ፦ አንድ ጸባይ ብቻ ቢፈለግ ይቀል ነበር። ምርት፣ በሽታ መቋቋም፣ አለመውደቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ጣጣው። የድቅሉ ወላጆች ለብዙ ትውልድ ከራሳቸው ጋር ይዳቀላሉ። የበቆሎው ጸጉር ብቅ ሳይል ዛላው በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል፤ ከዚያ የዚያው ተክል ብናኝ ይራገፍበታል። ጸባያቸው ሲረጋ ይጋባሉ። ድቅሉ ደግሞ በተለያየ ቦታና በተለያየ ዓመት ይፈተናል፤ አንድ ማሳ ላይ ማማሩን ማን ያምነዋል?

እሷ፦ ገበሬው ግን «ከምርቱ ለከርሞ ዘር ላስቀር» ይላል።

እሱ፦ መብቀሉን ይበቅላል። ማሳው ግን ይዥጎረጎራል፦ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፤ ምርቱም ይቀንሳል። ይህን ሳይነግሩ ዘር መሸጥ ያናድደኛል።

እሷ፦ እኔን ደግሞ የዘሩ መዘግየት! ዝናቡ ጥሎ ዘሩ ካልደረሰ ገበሬው ምን ያድርግ? ከጎተራው አውጥቶ ይዘራል እንጂ።