የተቆረጠ እንግዛ ወይስ ራሳችን እንቁረጥ?

(የስፌት ክፍሉ አስተባባሪዎች በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ለስፌት ክፍሉ የተመደበው ገንዘብ በምን ይዋል የሚል ነው። አንዱ ሐሳብ፣ ተቆርጦና ታሽጎ የሚሸጠውን የኩዊልት ጨርቅ፣ ኪት የሚባለውን፣ ለዓመት የሚበቃንን ያህል እንግዛ ይላል። ሁለተኛው ሐሳብ የጨርቅ መቁረጫ መሣሪያ ገዝተን ራሳችን እንቁረጥ ይላል። ሁለቱንም የሚደግፉ እህቶች አሉ፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኛ ወደ አንዱ አድልተናል። ለምን እንዳደላን እንነግራችኋለን፤ ፍርዱ ግን የእናንተ ነው።

በቅርቡ ለተቀላቀሉን አባላት፣ ኩዊልት ማለት ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሐሉ ጥጥ ተደርጎበት፣ ከጀርባው ጨርቅ ጋር አንድ ላይ የሚሰፋ ብርድ ልብስ ነው። በአገራችን ቃል ድሪቶ ነው። ይህን ስንል ፊታቸው የሚለወጥ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው፣ ድሪቶ ለብሶ መታየት ያሳፍር ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ያው የመደረት ሥራ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኛም በዚሁ ሥራ የሕፃናት ብርድ ልብስ እየሰፋን እየሸጥን ነው። ከሽያጩ የሚገኘው ለአንዳንዶቻችን የቤት ኪራይ ማሟያ ነው፤ ለአንዳንዶቻችን ደግሞ ከልጅ ልጅ ጥበቃ ወጥተው ከሰው የሚገናኙበት ብቸኛው ቀን ነው። ስለዚህ ሥራው በማን እጅ ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ያልተናነሰ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኪቱ። የተቆረጠ ጨርቅ መሸጥ አዲስ ነገር አይደለም። በኢንዲያና ግዛት የምትኖር ማሪ ዌብስተር የተባለች ሴት ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1911 እ.ኤ.አ. ሥራዋ በታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ፣ የንድፍ ወረቀት፣ ቆይቶም ምልክት የተደረገበት ጨርቅ ከነንድፉ በፖስታ ትሸጥ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚገኙት እሽጎች ስማቸው የዳቦ ቤት ዕቃ ይመስላል። ጄሊ ሮል የሚሉት ብዙውን ጊዜ 40 ጥብጣብ ነው፤ የእያንዳንዱ ወርድ 2 ኢንች ተኩል። ቻርም ፓክ 42 ካሬ ጨርቅ ነው፣ እያንዳንዱ በ5 ኢንች። ሌየር ኬክ ደግሞ 42 ካሬ በ10 ኢንች። ሙሉ ኪት ሲሆን ንድፉም አብሮ ይመጣል፤ የጀርባው ጨርቅና መሐል የሚገባው ጥጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይገዛል። ይህን ልብ በሉ፤ በሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ያለቀውን ብርድ ልብስ ስለሚያሳይ ሁሉም ነገር ውስጡ ያለ ይመስላል።

የኪት ትልቁ ጥቅም ቀለሙ አስቀድሞ መስማማቱ ነው። ጀማሪዋ እህት ቀዩን ከቡናማው ጋር ላድርግ አላድርግ ብላ ግማሽ ቀን አታጠፋም። ፈታ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናው ትሄዳለች። ለሰጪዎቻችንም ቀላል ነው፤ አንድ ኪት የገዛ ሰው አንድ ብርድ ልብስ ሰጠሁ ማለት ይችላል።

ችግሩ ሲሠሩበት ነው የሚታየው። ብዙዎቹ እሽጎች ጠርዛቸው እንዳይተረተር እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ልኩ ከጥርሱ ጫፍ ነው ወይስ ከጥርሱ ሥር? እንደ ፋብሪካው ይለያያል። የኩዊልት ስፌት የሚገባው በሩብ ኢንች ነው፤ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጥቂት ክር ያህል ከሳቱ፣ ስምንት ካሬ ጎን ለጎን ሲሰፋ ጥቂቷ ተደምራ ጠርዙ ወልገድ ይላል። ሁለተኛው ችግር መታጠብ ነው። ትንንሽ ቁራጮችን አስቀድሞ ማጠብ አይቻልም፤ ተተርትረው ያልቃሉ። ስለዚህ ጨርቁ መሸብሸቡንም ሆነ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም መልቀቁን የምናውቀው ብርድ ልብሱ ካለቀ በኋላ ነው። የሕፃን ዕቃ ደግሞ በየሳምንቱ የሚታጠብ ነው። ሦስተኛ፣ የጨርቅ ፋብሪካዎች አንድን የቀለም ስብስብ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው የሚያትሙት። አንዲት ቁራጭ ከጠፋች ወይም ካውያ ካቃጠላት ምትክ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንይ። የምንሰፋው የሕፃን ብርድ ልብስ በወርዱ 36፣ በቁመቱ 45 ኢንች ነው። ይህ ስምንት በአሥር፣ ማለትም 80 ካሬ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ 5 ኢንች ሆኖ ተቆርጦ ሲሰፋ 4 ኢንች ተኩል ይሆናል። ሁለት ቻርም ፓክ 84 ካሬ ነው፤ አራት ይተርፋል። ያንኑ 80 ካሬ ከጣቃ ብንቆርጥ፣ የጨርቁ ወርድ 42 ኢንች ያህል ስለሆነ በአንድ ረድፍ ስምንት ይወጣል፤ አሥር ረድፍ 50 ኢንች ነው፣ ከአንድ ያርድ ተኩል ያነሰ። እሽጉን አንዱን በ13 ዶላር፣ ጣቃውን ያርዱን በ12 ዶላር እንገዛለን እንበል። ለአንድ ብርድ ልብስ ፊት እሽጉ 26 ዶላር፣ ጣቃው 17 ዶላር ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ 9 ዶላር ነው። መሣሪያው ከነሻጋታዎቹ 450 ዶላር ቢፈጅ፣ ዋጋውን የሚመልሰው ከ50 ብርድ ልብስ በኋላ ነው። ነገር ግን ጨርቁን ካልገዛን፣ ማለት በስጦታ የመጣውን ከቆረጥን፣ የምናተርፈው 26ቱንም ዶላር ነው፤ ያኔ በ18ኛው ብርድ ልብስ ላይ ዋጋው ተመልሷል። መጋዘናችን ውስጥ በጆንያ የተቀመጠውን ጨርቅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

መቁረጫ ስንል ሁለት ዓይነት አለ፤ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው እንደ ፓስታ መዳመጫ በእጀታ የሚዞር ነው። ኦማሃ፣ ነብራስካ የሚገኘው አኪውኩዊልት የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው በዚህ ዓይነቱ ይታወቃል። ዳይ የሚሉት ሻጋታ፣ ስለታም ብረት በስፖንጅ ውስጥ የተቀበረበት ሰሌዳ ነው። ጨርቁን በሰሌዳው ላይ እናነጥፋለን፣ ከላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ እንደርብበታለን፣ በሁለቱ ጥቅልሎች መሐል እናሳልፈዋለን። የጥጥ ጨርቅ ከሆነ እስከ ስድስት ድርብ ይቆርጣል። አንድ ካሬ ብቻ ያለው ሻጋታ ቢሆን እንኳ 80 ካሬ በ14 ዙር ያልቃል። ሁለተኛው ዓይነት ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ክሪከት ሜከር ጨርቅ የሚቆርጥ ተሽከርካሪ ምላጭ አለው። ለአበባ፣ ለፊደል፣ ለመስቀል ቅርጽ በጣም ጎበዝ ነው። ግን በሚያጣብቅ ምንጣፍ ላይ አንድ ድርብ አንድ ድርብ እያለ ስለሚሠራ ለ80 ካሬ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በስልክ ጉዳይ ልጆቻችንን እየጠራን መለመኑም አለ። ለእኛ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

አንዳንድ እህቶች ተሽከርካሪው የእጅ ምላጭና ማስመሪያው ምን ጎደለው ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦልፋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ምላጭ የኩዊልትን ሥራ ከመቀስ ነፃ ያወጣ ነው፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን አቋርጦ ለመቁረጥ ማስመሪያውን በአንድ እጅ አጥብቆ መጫን ይጠይቃል። የእጅ አንጓ ሕመም ያለባቸው እናቶች አይችሉትም፤ ዓይናቸው የደከመም መስመሩን አያዩም። እኛ በምንሠራበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ሕፃናት ከጠረጴዛ ሥር ይርመሰመሳሉ። በዚህ የተነሳ እስካሁን መቁረጡ በሦስት እጅ ብቻ ተይዟል። ከሦስቱ አንዷ ስትቀር የቀሩት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይውላሉ። በሻጋታው ግን ጨርቅ የሚያነጥፉ፣ ቀለም የሚለዩ፣ ቆጥረው የሚያስሩ እናቶች ሥራ ያገኛሉ፤ ሹል ነገር በእጃቸው አይነኩም።

መሣሪያውም የራሱ ጠባይ አለው። ጨርቅ በጥቅልሉ ሲያልፍ ይሳባል፤ በድሩ በኩል ካስገባነው ብዙም አይሳብም፣ በማጉ በኩል ካስገባነው ግን ይለጠጥና ካሬው ካሬ መሆኑን ይተዋል። ድርና ማግ መለየት ለእናቶቻችን መማር አያሻቸውም፤ እነሱ ናቸው የሚያስተምሩን። ምንጣፉ እየተቆረጠ ስለሚያልቅ ማገላበጥና በጊዜው መለወጥ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ አዲስ ቅርጽ አዲስ ሻጋታ ነው፤ ገንዘብ የሚበላውም እሱ ነው። ስለዚህ ያማረን ሁሉ እንዳይገዛ ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሻጋታ ብቻ እናስባለን፤ የ5 ኢንች ካሬ፣ የ2 ኢንች ተኩል ጥብጣብ፣ እና ሦስት ማዕዘን።

ሌላም ነገር አለ፤ በየትኛውም ኪት ውስጥ የማይገኝ። የአበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ ተልኮ ሲመጣ እዚህ ይጠባል፣ ያጥራል፤ ጥለቱ ይተርፋል። ያንን ጥለት በብርድ ልብሱ መሐል ያስገባንበት ሥራ ገዢ ደጋግሞ የሚጠይቀን ነው። ሸማ ግን ሳሳ ያለ ሽመና ስለሆነ በስድስት ድርብ አይቆረጥም፤ ይንሸራተታል፣ ይተረተራል። በካውያ የሚጣበቅ ስስ ገበር ከጀርባው ተለጥፎበት፣ አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው። ጊዜ ይወስዳል። ቢሆንም ያ ብርድ ልብስ የሌላ የማንም አይመስልም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የሴቶች ማኅበር ልንነግራችሁ እንወዳለን። በአላባማ ግዛት ዊልኮክስ ካውንቲ፣ ፍሪደም ኩዊልቲንግ ቢ የተባለ የጥቁር ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር በ1966 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ጊዜው ጥቁሮች ለመምረጥ ስለተመዘገቡ ብቻ ከሥራና ከመሬት የሚባረሩበት ነበር። ፍራንሲስ ዋልተር የሚባሉ ቄስ በልብስ ማስጫ ላይ የተሰጡ ኩዊልቶች አይተው ኒው ዮርክ ወስደው እንዲሸጡ ረዱ፤ ማኅበሩን ለረጅም ዓመታት የመሩት ግን ከመሐላቸው የወጡት ኤስቴል ዊዘርስፑን ናቸው። ትልልቅ መደብሮች ሲመጡ ልኩ የተወሰነ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ሥራ ጠየቁ። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሲርስ ከተባለው መደብር የኮርዶሮይ ትራስ ልብስ እንዲሰፉ ውል አገኙ። ሴቶቹ በልክ ሰፉ፣ ደመወዝም አገኙ። የኮርዶሮዩን ቁርጥራጭ ግን ወደ ቤት እየወሰዱ በራሳቸው ዓይን፣ ያለ ማስመሪያ፣ እንደወደዱ ደረቱት። በ2002 እ.ኤ.አ. የአካባቢው የጊስ ቤንድ ሴቶች ኩዊልት በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ሲታይ አገር ጉድ አለ፤ ከታዩትም መካከል በዚሁ የኮርዶሮይ ብጣሽ የተሠሩ ነበሩባቸው።

በልክ የሚሠራውና በዓይን የሚሠራው እንደዚያ ጎን ለጎን ሊሄድ ይችላል ብለን እናምናለን። መሣሪያው 80 ካሬውን ይቁረጥ፤ ጥለቱ የት ይግባ የሚለውን ሰፊዋ ትወስን።

ኪትን ጨርሰን እንተው አንልም። ለጀማሪዎች ማስተማሪያ የሚሆኑ ጥቂት ኪቶች መያዙ ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዋ አምሮ የወጣላት ሴት ተመልሳ ትመጣለችና። ሰጪዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፦ ኪት ገዝታችሁ ልታመጡልን ያሰባችሁ፣ በዚያው ገንዘብ የጀርባ ጨርቅና ጥጥ ብትገዙልን ይበልጥ ይጠቅመናል። የሚያልቅብን ሁልጊዜ እሱ ነው።

እንግዲህ ድምፅ የሚሰጥባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ በእጀታ የሚዞረው መቁረጫ ከሦስት ሻጋታ ጋር ይገዛ ወይስ አይገዛ። ሁለተኛ፣ ከተገዛ የሚቆርጡና የሚያነጥፉ እናቶች ድርሻ ከሽያጩ እንዴት ይታሰብ፤ እኛ ከሰፊዎቹ እኩል በሰዓት እንዲታሰብ ሐሳብ አቅርበናል። ሦስተኛ፣ መሣሪያው በማን ቁልፍ ሥር ይቀመጥ።

ከሌላ የኩዊልት ማኅበር የተዋስነው መቁረጫ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ እየሄዳችሁ ሞክሩት፤ ጨርቅም ምንጣፍም አስቀምጠናል። እጀታውን ስታዞሩ ትከሻችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ ሳታፍሩ ንገሩን፤ በሞተር የሚሠራውን ዋጋም ጠይቀን ይዘናል።