የበሰለ የጎደሬ ሥር ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም

ለጎረቤላ መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



ሰው የሚበላው ሆዱን ለመሙላት ብቻ አይደለም። ምግብ ለሰውነት ሦስት አገልግሎት ይሰጣል። መጀመሪያ ለሥራና ለሙቀት የሚሆነውን ኀይል ይሰጣል፤ ሁለተኛ ሥጋንና አጥንትን ይገነባል፤ ሦስተኛ ሰውነትን ከደዌ ይጠብቃል። ሦስቱን ሁሉ በሙላት የሚሰጥ አንድ ምግብ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው እያንዳንዱ ምግብ ምን እንደሚሰጥ፥ ምንስ እንደሚጐድለው ሊያውቅ ይገባል። የዚህ ንግግር ነገር ጎደሬ ነው።

ጎደሬ ቅጠሉ እንደ ጋሻ የሰፋ፥ ሙቀትና ውሃ የሚወድ ተክል ነው። በወላይታ፥ በዳውሮ፥ በጋሞ፥ በከፋና በሸካ ሕዝቡ ከቀድሞ ጀምሮ ሲተክለውና ሲመገበው ኖሯል፤ በወላይታ ቋንቋ ቦይና ይባላል። በልማድ ሥር ይባል እንጂ የሚበላው ክፍል በመሬት ውስጥ ያበጠ ግንድ ነው። ጎረቤላ ብርድ ያለበት ደጋ ስለሆነ ለጎደሬ የሚስማማው ከዚያ ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው፥ ወንዝ የሚያጠጣው ሞቃት መሬት ነው።

በሚዛን ሲታይ፥ 100 ግራም የተቀቀለ ጎደሬ 64 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ከቀረው 34 ግራም ያህሉ ኀይል ሰጪው ክፍልና ለሆድ መልካም የሆነው ጭረት ነው፤ ጭረቱ ብቻውን ወደ 5 ግራም ይደርሳል። ከዚህም 140 ካሎሪ የሚያህል ኀይል ይገኛል። ይኸው መጠን ያለው የተቀቀለ ድንች ግን ከ90 ካሎሪ አይበልጥም። የጎደሬ ዱቄት ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሆድ በቀላሉ ይፈጨዋል። ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልገው ፖታሲየም የተባለው ማዕድንም በብዙ ይገኝበታል።

ነገር ግን ጎደሬ ታላቅ ጉድለት አለበት። ሥጋ ገንቢው ክፍል፥ ፕሮቲን የሚባለው፥ በ100 ግራም ውስጥ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነው። የ8 ዓመት ልጅ በቀን 19 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ይህን ከጎደሬ ብቻ ያግኝ ቢባል ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ መብላት አለበት፤ ይህም የማይቻል ነገር ነው። ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሰውነቱ የሚከሳና የማያድግ ልጅ የሚታየው ስለዚህ ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ባቄላ ግን ከ7 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። እንግዲህ የደጋው ባቄላና የቆላው ጎደሬ በአንድ ገበታ ቢገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በጾም ጊዜ ከባቄላ፥ ከአተር ወይም ከሽሮ ወጥ ጋር፥ በፍስክ ጊዜ ከወተትና ከአይብ ጋር መብላት ይገባል።

ጎደሬን ጥሬውን መብላት ከቶ አይገባም። በውስጡ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል፥ እንደ መርፌ የሾለ እጅግ ደቃቅ ነገር አለና አፍንና ጉሮሮን ይወጋል፥ ያሳክካል፥ ያሳብጣልም። ሲልጡትም እርጥብ እጅን ስለሚያሳክክ እጅን ማድረቅ ወይም ቅባት መቀባት ደኅና ነው። ልጦና ቆራርጦ ማጠብ፥ በብዙ ውሃ መቀቀል፥ የተቀቀለበትንም ውሃ መድፋት ያስፈልጋል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ግን ጎደሬ እንዳያበዛ ይጠንቀቅ።

በዚህ ላይ የደጋ ሰው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በባሕር ዳርቻ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ በቆላ ለመብሰል የሚበቃው ጊዜ ለጎረቤላ ምድጃ አይበቃም። ምልክቱ የውሃው መንተክተክ አይደለም፤ ቢላዋ እስከ መካከሉ ያለ ችግር ሲገባ ነው። ልብ እስኪርስ ድረስ ያልበሰለው ለልጅ አይሰጥ።

የሥራ ሥር ጥቅም በችግር ቀን ይበልጥ ይታወቃል። ከ1880 እስከ 1884 ዓመተ ምሕረት በነበረው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀውና የሚያርስ ጠፋ፤ በሸዋም ሆነ በሌላው አገር ብዙ ሕዝብ በረኃብ አለቀ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ ቆፍሮ እንዲዘራ ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ አንሥተው ቈፈሩ። ጎደሬ በዶማ የሚተከል ነውና በሬ የሞተበት ገበሬ እንኳ ሊያለማው ይችላል። ከደረሰም በኋላ ጥቂት ጊዜ በመሬት ውስጥ ሊቈይ ስለሚችል፥ በሚያስፈልግ ቀን ይቈፈራል።

ነገር ግን እህል የለመደ ሕዝብ የሥር ምግብን የድኻ ምግብ ነው ብሎ የሚንቅበት ጊዜ አለ። ድንችም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ ነበር፤ ያስገባው በ1850 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ግን በደጋው ገበሬ ቤት ድንች የሚያሳፍር ምግብ አይደለም። እንግድነት ነውር አይደለምና ምግብ የሚመዘነው በሚሰጠው ጥቅም ነው።

እንግዲህ መምህሩ ጎደሬና ባቄላ በሚዛን ላይ አስቀምጦ፥ የሚሰጡትን ኀይልና ፕሮቲን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ለተማሪዎቹ ያስረዳ። ሽማግሌውም በሸንጎና በሰንበቴ ላይ ቃሉ ይሰማልና ንቀቱን ይገሥጽ። የቤት እመቤቶች ግን ስለ ምድጃና ስለ ድስት ከሁሉ ይልቅ ያውቃሉና ምክራቸው ይጠየቅ። ጎደሬ ብቻውን የልጅን ሰውነት አይገነባም፤ በሚገባ በስሎ ከጥራጥሬ ጋር ሲቀርብ ግን ልጁን በሥራም በትምህርትም ያበረታዋል።